ሐጂ ኸይሩ በምክር ቤት የጠየቋቸው ሁለት ጥያቄዎች

ባለፈው ቅዳሜ ወልቂጤ ላይ፣ ከልጄ ቤት ወደ ገበያ ስወርድ፣ አንድ ወፍጮ ቤት ደጃፍ ስደርስ ማስነጠስ ያዘኝ። አንዴ አይደለም፤ ሦስት አራት ጊዜ፣ ዐይኔ እንባ እስኪያቀር ድረስ። ባለወፍጮው ከነዱቄቱ በበሩ ብቅ አለና «ይማርዎት እማማ! የመስቃን በርበሬ ነው፤ አይችሉትም፣ ወዲያ ማዶ ይሻገሩ» አለኝ። አልተሻገርኩም። ነጠላዬን ከአፍንጫዬ ላይ አንስቼ ቆሜ አሸተትኩት። እሱ አሮጊቷ ምን ነካት ብሎ ሳይሆን አይቀርም፣ ትንሽ አየኝና ወደ ሥራው ተመለሰ። ለእኔ ግን ያ ሽታ የወጣትነቴ ቤት ሽታ ነው። ግድግዳው ሥር በርበሬ በተከመረበት ግቢ ውስጥ ስምንት ዓመት ኖሬያለሁ። መኝታ ክፍሌና የበርበሬው መጋዘን የሚለዩት በአንድ የጭቃ ግድግዳ ብቻ ነበር። የመጀመሪያውን ወር በማስነጠስ አሳለፍኩት፤ ከዚያ በኋላ ወደ ሌላ አገር ሄጄ አየሩ ባዶ ሲሆንብኝ ነው በርበሬ መኖሩ ትዝ የሚለኝ።

ቡታጅራ የገባሁት ከደብረ ታቦር፣ በአንድ ሻንጣና በአንድ የምደባ ደብዳቤ ነው። ዓመቱን ልጥራ ብል እሳሳታለሁ። ሻይ በሃምሳ ሳንቲም፣ ቦምቦሊኖ በሃያ አምስት ሳንቲም የነበረበት ጊዜ ነው ብል ግን የዘመኑ ሰው ያውቀዋል። በጥያ በኩል የሚመጣው መንገድ ገና አስፋልት ስላልነበረ፣ ከአዲስ አበባ የመጣ ሰው ከመኪና ሲወርድ ቅንድቡ ሳይቀር አቧራ ለብሶ ነበር፤ እኔም እንዲያ ሆኜ ወረድኩ። ዛሬ ባጃጅ የሚጋፋበት አደባባይ ያኔ የጋሪ ፈረሶች ቆመው ጭራቸውን የሚያወዛውዙበት ነበር። መናኸሪያው ማዕዘን ላይ አንድ የካሴት መሸጫ ነበረች። ከማለዳ ጀምሮ የጉራጊኛ ዘፈን ትለቅቃለች፤ ሻጩ ክሩ የወጣበትን ካሴት በቢክ እስክሪብቶ እያጠነጠነ ትከሻው ለብቻው ይጨፍራል። እኛ ወጣት መምህራት ፀጉራችንን በቢጉዲ ጠቅልለን፣ ትከሻው ስፖንጅ ያለበት ኮት ለብሰን በዚያ ማዕዘን ስናልፍ ከተማው ሁሉ የሚያየን ይመስለን ነበር። ማንም አያየንም። ሰዉ ሁሉ ወደ ገበያው ይሮጣል።

ቤት ያከራዩኝ ሐጂ ኸይሩ የሚባሉ የበርበሬ ነጋዴ ነበሩ። በወር ሃያ አምስት ብር። ረዥም፣ ቀጭን፣ ጥቁር ኮት ከነጭ ኮፊያ የማይለዩ፣ ሲያዳምጡ ዐይናቸውን የሚጨፍኑ ሰው ነበሩ። ባለቤታቸው እትዬ ረድያ የመጣሁ ዕለት ቆጮና ጎመን በጎድጓዳ ሳህን አቀረቡልኝና፣ እኔ ቆጮውን እንደ ድንች በሹካ ስወጋው አይተው እስኪያለቅሱ ሳቁ። ሐጂ ግን አልሳቁም። «ረድያ፣ ተይ። አንቺም እሷ አገር ብትሄጂ የማታውቂው ይኖራል» አሏቸው። ሐጂ የተማሩት ቁርኣን ቤትና ማታ ማታ በመሠረተ ትምህርት ነው። አማርኛ በኋላ የመጣ ቋንቋቸው ነበርና በጉራጊኛ ለዛ ነበር የሚናገሩት። ከተማው ውስጥ ያን ለዛ እየቀዱ የሚያስቁ ሰዎች ነበሩ። ሰውየው ያውቁታል፤ ግድም አልነበራቸውም።

እንግዲህ እኚህ ሰው ናቸው አንድ ቀን የሕዝብ እንደራሴ ሆነው የተመረጡት። እንዴት እንደተመረጡ ፖለቲካውን ለሚያውቁት ልተውላቸው። እኔ የማስታውሰው ግቢያችን በሰው መሙላቱን፣ እትዬ ረድያ ደስ ይበላቸው ይክፋቸው ሳያውቁ ከወጥ ቤት ወደ ሳሎን መመላለሳቸውን ነው። ምክር ቤቱ ሊከፈት ሲቃረብ ሐጂ በሬን አንኳኩ። ከቤት ኪራይ ቀን በቀር አንኳኩተው አያውቁም ነበርና ደነገጥኩ። በእጃቸው አንድ ባለ ሃምሳ ሉክ ደብተር ይዘዋል።

«መምህርት፣ እዚያ ቤት ሰው እጁን አውጥቶ ይጠይቃል አሉኝ። እኔ መጠየቅ አውቃለሁ። አማርኛው ነው የሚያንሰኝ። አርሚልኝ» አሉኝ።

በዚያን ዘመን እኔ ቃል የምወድ ሰው ነበርኩ። ማስተማሩም፣ ማረሙም፣ ከሁሉ በላይ ማስዋቡ ያስደስተኛል። የመጀመሪያው ጥያቄያቸው ስለ ትምህርት ነበርና ሁለት ገጽ ሙሉ ጻፍኩላቸው። «ትምህርት የዕድገት መሠረት፣ የሥልጣኔ ፋና ወጊ…» እያልኩ፣ ድምፄን ከፍ ዝቅ አድርጌ አነበብኩት። ዐይናቸውን ጨፍነው አዳመጡ።

«አማረ። እንደ ሙሽራ አማረ» አሉ። «ጥያቄው ግን የት ገባ?»

«ሁለተኛው ገጽ ላይ አለ፣ ሐጂ።»

«ሰውየው እስከዚያ ይጠብቀናል?»

ሳቅ መጣብኝ፤ ትንሽም ተከፋሁ። እሳቸው ተነሥተው ወደ መጋዘኑ ወሰዱኝ። አፉ የተከፈተ ጆንያ ውስጥ እጃቸውን እስከ ክንዳቸው ከተቱና ከሥር አንድ እፍኝ በርበሬ አወጡ። «እንሴኖ ገበያ በርበሬ የሚገዛ ሰው ስለ ዝናቡ፣ ስለ መሬቱ አያወራም። ላይ ላዩን ያለው ሁሌም ቀይ ነው። እጁን ይሰድና ከሥር ያለውን አውጥቶ ያያል። ጥያቄም እንዲህ ነው» አሉኝ። ስንት ዓመት ድርሰት ሳስተምር ኖሬ፣ ከዚያ የተሻለ የድርሰት ትምህርት አልሰማሁም።

ጥያቄው የተነሣው በሰሚራ ነው። ሰሚራ የእትዬ ረድያ የእህት ልጅ ናት፤ እንሴኖ አካባቢ ካለ መንደር በየክረምቱ እየመጣች ትሰነብታለች። ስምንተኛ ክፍልን በጥሩ ውጤት አልፋ፣ መስከረም ላይ ቡታጅራ መጥታ ዘጠነኛ ልትመዘገብ ቀጠሮ ነበረን። አልመጣችም፤ ሐጂ ደብተሩን ይዘው በሬን ያንኳኩት ያን ሰሞን ነው። ጥቅምት ሲገባ ሐጂ፣ እትዬ ረድያና እኔ በጭነት መኪና ጋቢና ተጣብቀን እንሴኖ ድረስ ሄድን፤ ከዚያ በእግራችን። ልጅቷ ካርዷን በላስቲክ ጠቅልላ ከሣጥን አውጥታ አሳየችን። ጫፉ እንኳ አልታጠፈም። አባቷ ክፉ ሰው አልነበሩም። «ስምንተኛ ድረስ እዚሁ ተማረች፣ አልከለከልኩም» አሉ። «ዘጠነኛ ያለው ቡታጅራ ነው። ክረምት እናንተ ጋ መሰንበት ሌላ ነው፤ ዓመቱን ሙሉ ግን ሰው ላይ አልጥላትም። ሴት ልጅ ብቻዋን ቤት ተከራይታ ትኑር? እናንተ ብትሆኑ ትልካላችሁ?»

ሐጂ ወዲያው «እኛ ጋ ትኑር። የኔም የረድያም ልጅ ናት» አሏቸው።

አባትየው አቀርቅረው ካርዷን አዩ። ከዚያ ቀና ብለው፣ «እሺ፣ ውሰዷት፤ አላህ ይስጣችሁ። የጎረቤቴንስ ልጅ? እሷም አልፋለች። ከዚያ ማዶ ያለችውስ? ሁሉም ሰው ቡታጅራ ላይ ሐጂ ኸይሩ አለው?» አሉ።

ስንመለስ ሰሚራ ከእኛ ጋር ነበረች፤ ካርዷን ደረቷ ላይ አቅፋለች። ሐጂ ግን ግቢ ስንደርስ ያን ሁለት ገጽ ጽሑፌን ጠየቁኝ። ማታውኑ ተቀምጠን ከሁለት ገጽ ወደ ሁለት ዓረፍተ ነገር አወረድነው። ዛሬም በቃሌ ነው። «ስምንተኛ ክፍልን ካለፉት የገጠር ሴት ልጆች ውስጥ ዘጠነኛ ክፍል የተመዘገቡት ስንት ናቸው? ያልተመዘገቡትስ የት እንዳሉ መሥሪያ ቤቱ ጠይቆ ያውቃል ወይ?»

ያን ጊዜ ቴሌቪዥን ያላት አንዲት ሻይ ቤት ነበረች፤ ከመናኸሪያው ጀርባ። ጉባኤው የሚተላለፍበት ቀን ቁጭ ያለ፣ የቆመ፣ በመስኮት የተንጠለጠለ ሰው ሞላት። ባለቤትየዋ ሻይ ያላዘዘ ይውጣ ብትልም የሚሰማት አልተገኘም። ሐጂ ኸይሩ ኮፊያቸውን እንዳደረጉ ብድግ ሲሉ ቤቱ ጸጥ አለ። «የተከበሩ አፈ ጉባኤ» አሉና ሁለቱን ዓረፍተ ነገር ብቻ ተናግረው ተቀመጡ። በጣም ከማጠሩ የተነሣ ካሜራው ሌላ ሰው ላይ ሄዶ ተመለሰ። መልስ ሰጪው ኃላፊ ወረቀታቸውን ገለጡ፣ ደግመው ገለጡ፤ በመጨረሻ «የተመዘገቡትን እንይዛለን፤ ያልተመዘገቡትን ግን… እውነቱን ለመናገር እስካሁን አልጠየቅንም፤ ማየት ይኖርብናል» አሉ። ሻይ ቤቱ በጭብጨባ ተናጋ። ከአጠገቤ አንድ ጋሪ ነጂ፣ «አየሽ? ሰውየውን እውነት አናገሩት!» አለኝ። እኔ ያ ሁለት ገጽ ቢነበብ ኖሮ እያልኩ ለራሴ አፈርኩ፤ በዚያው ልክ ደስ አለኝ።

በማግስቱ ሐጂ በቅጥቅጥ ተሳፍረው፣ አቧራቸውን ለብሰው መጡ። ሰው «ኮራንብዎ» ሲላቸው «መልስ ገና ነው፤ አላለቀም» ይላሉ። እሱም እውነት ነበር። እንሴኖ ላይ ሁለተኛ ደረጃ እስኪከፈት ስንት ክረምት አለፈ። በየስብሰባው ያቺኑ ጥያቄ እያነሡ፣ «ሐጂ ዛሬም ሴቶቹን ጠየቁ?» እየተባሉ ይቀለድባቸው ነበር።

ሁለተኛው ጥያቄ ነው እኔን የሚያሳፍረኝ።

ሐጂ አንድ የልብ ወዳጅ ነበራቸው፤ ሱልጣን የሚባሉ እንደሳቸው የበርበሬ ነጋዴ። አንድ የገበያ ቀን፣ እሳቸው እንሴኖ በርበሬ ሲያስጭኑ ቡታጅራ ያለው ቤታቸው በእሳት ተያያዘ። በቀን ስለነበር ሰው አልተጎዳም፤ ጎረቤቱ ባልዲ ይዞ ተረባረበ። ጭሱ ከበርበሬ ጋር ተቀላቅሎ ያን ቀን ከተማው በሙሉ ሲያስልና ሲያነጥስ ዋለ። ሱልጣን ደርሰው ያዩት የቆመ ግድግዳ ብቻ ነበር። የሃያ ዓመት ድካማቸው ከአልጋቸው ሥር፣ በጆንያ ውስጥ ነበር የኖረው። ሰዉ እያዘነም ይቆጣቸዋል፤ «ባንኩ እዚህ ቅርብ፣ ለምን አላስገቡም?» ይላል። እሳቸው አመዱ ላይ እንደቆሙ «ወለድ ሐራም ነው» አሉ።

ሐጂ አልተቆጡም። ለሱልጣን የሦስት ዕቁብ ጣዮችን አሰባስበው ዕጣውን አስለቀቁላቸው። ከዚያ ባንክ ቤት ሄደው ሥራ አስኪያጁን አነጋገሩ። ተመልሰው ደብተራቸውን ይዘው በሬን አንኳኩ።

«ወለዱን አለመውሰድ ይቻላል አሉኝ። እሺ፣ ማስቀመጡስ ይሁን። ሱልጣን ቤቱን መልሶ ሊሠራ ብድር ቢፈልግ ግን ወለድ መክፈል አለበት፤ ለእሱ መስጠቱም መውሰዱም እኩል ሐራም ነው። መበደር በማይችልበት ባንክ ለምን ያስቀምጣል? ስለዚህ ገንዘቡ ከአልጋ ሥር አይወጣም። የኛ ዕቁብ ወለድ የለውም፤ ግን ቤት ያሠራል፣ ሱቅ ያስከፍታል። ባንክ ትርፍና ኪሳራውን ከነጋዴው ጋር ተካፍሎ የሚሠራበት መንገድ ለምን አይኖርም? ይህን ጻፊልኝ።»

ብዕሬን አላነሣሁም። «ሐጂ፣ ይህን ይተዉት» አልኳቸው።

«ለምን?»

«ስለ ሃይማኖት ነው የሚያወሩት ይሉዎታል። የባንክ ነገር ደግሞ የተማሩት ጉዳይ ነው። ይስቁብዎታል። ሌላም ነገር ሊመጣ ይችላል።»

የተናገርኩት ሁሉ እውነት ነበር። ያልተናገርኩት ግን ይበልጥ እውነት ነበር፤ ለራሴ ፈርቼ ነበር። የመንግሥት ሠራተኛ ነኝ፤ ከሩቅ አገር የመጣሁ ነኝ፤ ጥያቄው በእኔ እጅ ጽሕፈት እንደሚጻፍ ከተማው ያውቃል። ሐጂ ዐይናቸውን ጨፍነው ቆዩና፣ «ሱልጣን አመዱ ላይ ቆሞ ሲመልስ እኔ ከጎኑ ነበርኩ። የላኩኝ እነሱ ናቸው። ይስቁ» አሉ። «አንቺ ግን ካልፈለግሽ አላስገድድሽም። በራሴ አማርኛ እላታለሁ።»

ያ የመጨረሻው ቃላቸው ነው ያሸነፈኝ። በራሳቸው አማርኛ ቢሉት እንዴት እንደሚሳቅባቸው ታየኝ። ጻፍኩላቸው። ለሦስት ቀን አንዷን ጥያቄ እያነሣሁ እየጣልኩ፣ አንድም ቃል ሰው የሚይዝባቸው እንዳይሆን እያልኩ ጻፍኳት።

የሻይ ቤቱ ሰው በዚያ ቀን ከበፊቱ ይበዛ ነበር። ሱልጣን ፊት ለፊት ተቀምጠዋል። ሐጂ ተነሥተው ጠየቁ። ከአዳራሹ ሳቅ ተሰማ፤ የብዙ ሰው አይደለም፣ ግን በማይክራፎን ያልፋል። መልስ ሰጪው ፈገግ ብለው «የባንክ ሥራ በሃይማኖት አይመራም» አሉና ወደ ሌላ ጥያቄ ሊያልፉ ወረቀት ገለጡ። ሱልጣን አንገታቸውን ደፉ። እኔ ባለሁበት ላብ አጠመቀኝ። ሐጂ ግን አልተቀመጡም።

«የተከበሩ አፈ ጉባኤ፣ መልስ አላገኘሁም» አሉ፤ ይቺ በደብተሩ ላይ የለችም፤ በራሳቸው አማርኛ፣ በራሳቸው ለዛ ነው። «እኔ ስለ ሃይማኖት አልጠየቅኩም። እሱን ለማን እንደምጠይቅ አውቃለሁ። እኔ ያልኩት፣ ያ ሁሉ ሕዝብ ከአልጋው ሥር ያስቀመጠውን ገንዘብ አገሪቱ ትፈልገዋለች ወይስ አትፈልገውም? ከፈለገች መንገዱን ያሳዩን። ካልፈለገች ይንገሩንና እንረፈው።»

ሳቁ ቆመ። መልስ ሰጪው «ጉዳዩ ጥናት ይፈልጋል» አሉ። ሻይ ቤቱ ውስጥ ማንም አላጨበጨበም። ሱልጣን ቀስ ብለው ተነሡና «መሳቁንስ ሳቁ፤ ግን መለሱለት» ብለው ወጡ።

በሚቀጥለው ምርጫ የሐጂ ስም ከዕጩዎቹ ውስጥ አልነበረም። ምክንያቱን የነገረን የለም፤ እሳቸውም የጠየቁ አይመስለኝም። ለራሳቸው ጉዳይ ሲጠይቁ አይቼ አላውቅም። የመጨረሻው ጉባኤ ያበቃ ዕለት በቅጥቅጥ መጡ፤ ኮታቸውን አራግፈው ሰቀሉ፤ በማግስቱ ንጋት እንሴኖ ገበያ እጃቸው ጆንያ ውስጥ ነበር። እትዬ ረድያ ያኔ ነው እፎይ ያሉት። ሰሚራ በዚያው ዓመት ኮሌጅ ገባች። ዛሬ እዚያው እንሴኖ ፊዚክስ ታስተምራለች፤ በየዓመቱ መስከረም ላይ ያልመጡትን ሴት ልጆች ስም ይዛ በየመንደሩ የምትዞር ክፉ አስተማሪ ናት ይላሉ ወላጆች፣ በፍቅር።

ከዚያ በኋላ እኔ አገባሁ፣ ወለድኩ፣ ወልቂጤ ተዛወርኩ። ዘመኑ ሮጠ። የካሴት መሸጫዋ የሞባይል ካርድ መሸጫ ሆነች። ሻዩ ዋጋው የት እንደደረሰ ባላወራ ይሻላል። አንድ ቀን ሐጂ ራሳቸው ደወሉልኝ። ድምፃቸው ቀጥኗል። «መምህርት፣ ቡታጅራ ባንኩ ከወለድ ነፃ የሚያስተናግድ መስኮት ከፈተ። ሱልጣን ሂሳብ ሊከፍት ነው። ነይ» አሉኝ። ሄድኩ። ሱልጣን ምርኩዝ ይዘዋል፤ ሐጂም ምርኩዝ ይዘዋል። ሥራ አስኪያጁ ወጣት ነው፤ ሐጂን አላወቃቸውም። ማን እንደሆኑ ልነግረው አፌን ስከፍት ሐጂ ክንዴን ያዙኝ። «ተይ፤ ሰው ሁሉ ጠይቆ የመጣ ነገር ነው። እኔ ድምፄ ማይክራፎን አገኘች እንጂ ሌላ ምን አደረግሁ?» አሉ። ሱልጣን ጣታቸውን ቀለም አስነክተው ፈረሙ፤ ደብተሩን ተቀብለው አገላብጠው አዩና በኮታቸው ውስጥ ኪስ ከተቱት።

ውጭ ደረጃው ላይ ቁጭ አልን። ስንት ዓመት ያፈንኩት ነገር ከአፌ ወጣ።

«ሐጂ፣ ያኔ ይተዉት ያልኩዎት ለእርስዎ አስቤ አልነበረም። ለራሴ ፈርቼ ነው።»

«አውቃለሁ» አሉ።

«ያውቁ ነበር?»

«እጅሽ ይንቀጠቀጥ ነበር፤ ፊደሉ ላይ ይታያል። ለዚያ እኮ ነው ላንቺ መስጠቴ። ጎበዝ ሰው ቢያርማት ኖሮ አንድ ቦታ ይደፍርና አንድ ቃል ያስይዘኝ ነበር። የፈራ ሰው ያረማትን ጥያቄ ማንም ነቀፋ አያወጣላትም። ሳቁ እንጂ፣ ከቃሏ ውስጥ የያዙብኝ አለ?»

አልነበረም። ነጠላዬን ወደ ዐይኔ አነሣሁ። አላህ ይዘንላቸውና፣ ከዚያ ቀን በኋላ በሕይወት አላገኘኋቸውም። እትዬ ረድያ አጠገባችን ባጃጅ አስቁመው «ኑ እንጂ፣ ምሳው ቀዘቀዘ!» ብለው ጮሁብን። ሱልጣን ገቡ፤ እኔም ገባሁ። ሐጂ አንድ እግራቸውን ባጃጁ ላይ ካነሡ በኋላ ቆም አሉ። ዐይናቸውን ለአፍታ ጨፈኑ።

«ቆዩኝ» አሉ። «መሬት እንጂ ቤት የሌለው ገበሬ በምን ዋስትና እንደሚበደር ሥራ አስኪያጁን አልጠየቅሁትም።»

በምርኩዛቸው እየተደገፉ የባንኩን ደረጃ መልሰው ወጡ።